ኮከብ ቆጣሪው ድሬሰር

ጋሽ ዘበርጋ ማረፉን የነገረችኝ እህቴ ብርቄ ናት። ስልኩን አንስቼ ገና «አቤት» ከማለቴ «ኮከብ ቆጣሪው ሄደ» አለችኝ። ከዚያ እሷ ማልቀስ ስትጀምር የእኔ ሳቅ መጣ። ክፉ ሆኜ አይደለም። ጋሽ ዘበርጋን የሚያውቅ ሰው ስሙ ሲነሳ መጀመሪያ የሚመጣበት ሳቅ ነው፤ እንባው ከኋላ ይደርሳል። ለእኔም ማታ ሽንኩርት ስከትፍ ደረሰ፤ በሽንኩርቱ አሳበብኩ።

ኮከብ ቆጣሪ የሚለውን ስም እንደ ጠላው ኖሯል። መጀመሪያ ሰሞን በዚህ ስም የጠራውን ሰው ሁሉ፣ «እኔ መርፌ ወጊ ነኝ። ኮከብ የሚቆጥርልህ ከፈለግህ ጠንቋይ ቤት ሂድ፤ እኔ ዘንድ የሚቆጠረው ኪኒን ነው» ይለው ነበር። በኋላ ግን መመለሱን ተወ። ስሙ እንዴት እንደተለጠፈበትና ለምን ሳያራግፈው እንደቀረ የምናውቀው እኔና ብርቄ ብቻ ነን ብዬ አምን ነበር። ለቅሶው ላይ ሌላ ሰው ተገኘ እንጂ።

ነገሩ በጃንሆይ ዘመን ነው። ያን ጊዜ ቡታጅራ ሐኪም አልነበራትም፤ ድሬሰር ነበራት። ዛሬ ቢሆን ጤና ረዳት እንለዋለን። ቁስል የሚያጥበው፣ መርፌ የሚወጋው፣ ክትባት የሚከትበው፣ አንዳንዴም የባልና ሚስት ጠብ የሚያበርደው ጋሽ ዘበርጋ ነበር። ከዚያ በፊት መንገድ ሥራ ካምፕ ውስጥ ሠርቷል። ካምፑ ሲነሳ መሐንዲሱ ፈረንጅ ዕቃውን ለሠራተኛው አደለ። ሌላው በአልጋና በድንኳን ሲሻማ ጋሽ ዘበርጋ ባለሦስት እግር ነጭ ቧንቧ ተሸክሞ ቤቱ ገባ። ሚስቱ እስክትለምደው ድረስ «ውሃ የማይወርድበት ቧንቧ» ነበር የምትለው። ቴሌስኮፕ የሚለውን ስም ከተማችን የሰማችው ከብዙ ዓመት በኋላ ነው።

እኔ ከቧንቧው ጋር የተዋወቅሁት በመርፌ ሰበብ ነው። ወባ ይዞኝ እናቴ ክሊኒክ ወሰደችኝ። ጋሽ ዘበርጋ ስለ መርፌ ሲዋሽ ዓይኑን አያሽም፤ «ይቺ መርፌ አትነካሽም፣ በአጠገብሽ ነው የምታልፈው» አለኝ። አላለፈችም። አገር ይያዝልኝ ብዬ ስጮህ ጎንበስ አለና፣ «ማታ ቤቴ ነይ፤ ኮከብ አስቆጥርሻለሁ» አለኝ።

ድምፄ ቀጥ አለ። እኛ ቤት ኮከብ ማስቆጠር ማለት ጥፊ ነው። አባባ ስንረብሽ «አሁን መጥቼ ኮከብ አስቆጥራችኋለሁ» ካሉ እኛ ከአልጋ ሥር ነን። ድሬሰሩ ወግቶኝ ሳያበቃ ማታ ደግሞ በጥፊ ሊለኝ ቀጠሮ መስጠቱ በጣም ከበደኝ። እቤት እንደደረስኩ ለብርቄ ነገርኳት። ብርቄ ያን ጊዜ ስምንተኛ ክፍል ልትገባ የተቃረበች፣ ቀጭንና ቁጡ ልጅ ነበረች።

«ይሞክራት!» አለች። ፀሐይዋ ጥልቅ ስትል እጄን ይዛ እየጎተተች ጋሽ ዘበርጋ ጓሮ አስገባችኝ። እሱ እንሰቱ መሃል በተጠረገች ቦታ ላይ ቧንቧውን አቁሞ ጎንበስ ብሏል።

«ጋሽ ዘበርጋ፣ እህቴን ለምንድን ነው የምትመታት?»

ነገሩ ሲገባው መሬት ላይ ቁጭ ብሎ ሳቀ። ሲነሳ ሱሪው ላይ የተጣበቀውን ጭቃ እያራገፈ፣ «በይ እንግዲህ መጥታችሁ የለ፣ ሁለታችሁንም አስቆጥራችኋለሁ» አለ።

መጀመሪያ ምንም አላየሁም፤ ሁለቱንም ዓይኔን ጨፍኜ ኖሯል። አንዱን ስከፍት ጥቁር ሣር አየሁ። «የራስሽ ሽፋሽፍት ነው፣ ትንሽ ራቅ በይ» አለኝ። ራቅ ስል ጨረቃ ድንገት ዓይኔ ውስጥ ገባች። ከመደንገጤ የተነሳ አንገቴን ወደ ኋላ መለስኩ። ደግሜ ሳይ ፊቷ ሁሉ የተቦዳደሰ ነው።

«ፈንጣጣ ወጥቶባታል» አልኩ።

«አዎ። ክትባት ስትባል ሸሽታ ነው» አለ ድሬሰሩ። ወዲያው ግን አጠገቤ ቁጢጥ ብሎ፣ «ይኼ ቀልድ ነው፣ ሚጡ። እውነቱ ደግሞ ይኼውልሽ» አለና ድንጋይ ከላይ እየወደቀ ሜዳዋን እንዴት እንደሰረጎደው ነገረኝ። የጋሽ ዘበርጋ ሕግ ይህ ነበር። ስለ መርፌ ይዋሻል፣ ስለ ዕድሜው ይዋሻል፣ ስለ ሚስቱ ወጥ በፈገግታ ይዋሻል። በቧንቧው ውስጥ ስላለው ነገር ግን ቀልዶ እንኳ ቀልድ መሆኑን ሳይናገር አያሰናብትም።

ጨረቃዋ ቀስ እያለች ከክቡ ወጣች። «ሄደችብኝ» ብዬ ጮህኩ።

«እሷ አይደለችም። የምንሮጠው እኛ ነን፤ ምድር ናት የምትዞረው።»

እኔ ይህን ስሰማ አጠገቤ ያለውን እንሰት ግጥም አድርጌ አቀፍኩ። እስክንሄድ ድረስ አልለቀቅሁትም።

ከዚያ ወዲያ ጓሮው መዋያችን ሆነ። የቧንቧው ሌላው ጸባይ ሁሉን ነገር ገልብጦ ማሳየቱ ነው። ከተማው ውስጥ ድሬሰሩ ጓሮው መድፍ ተክሏል የሚል ወሬ ተነስቶ አንድ ፖሊስ ሊመረምር መጣ። ጋሽ ዘበርጋ ቧንቧውን ወደ ዋናው መንገድ አዙሮ «እስቲ ጌታዬ ይተኩሱበት» አለው። በዚያ ሰዓት አለቃው በመንገዱ ያልፉ ነበር፤ ከዘራቸውን እያወዛወዙ፣ እግራቸው ወደ ሰማይ፣ ባርኔጣቸው ወደ ታች። ፖሊሱ አለቃው ከዓይኑ እስኪርቁ ድረስ አየ። ቀና ሲል ፊቱ ቀልቷል። «ይህን ነገር ለማንም እንዳትናገሩ» ብሎን ሄደ። በሚቀጥለው ሳምንት ምርመራው አላለቀም ብሎ ተመልሶ መጣ፤ ከዚያ በኋላም ምርመራው ሳያልቅ ብዙ ቆየ።

ብርቄን ግን የፖሊሱ አለቃ አላስደነቃትም። እሷን የያዛት ክረምቱ ሊወጣ ሲል ከዝዋይ በኩል የምትወጣ አንዲት ደብዛዛ፣ ቢጫ ነገር ነበረች። በዓይን ሲያዩዋት ዞር ብለው የማያዩዋት ዓይነት ናት። በቧንቧው ሲያዩዋት ግን ክብ ሆና ወገቧ ላይ ቀለበት አላት። ብርቄ መጀመሪያ ያየቻት ቀን «ማን አደረገላት?» አለች። ጋሽ ዘበርጋም «እኔም እሱን ነው የምጠይቀው» አላት። ቀለበታሟ አልናት። ብርቄ ደመና በነበረ ቀን ሁሉ ትከፋ ነበር። ቆይታ ያለ ቧንቧውም ቀና ብላ በጣቷ «ያችው» ማለት ለመደች። ጋሽ ዘበርጋ «ይቺ ልጅ አስተማሪ ትሆናለች፤ ጣቷ ተፈጥሮላታል» ይል ነበር። እሷም ከዚህ ሌላ የምትመኘው አልነበራትም፤ የስምንተኛ ክፍል ሚኒስትሪን አልፎ መምህራን ማሰልጠኛ መግባት።

መስቀል መጣ። ለመስቀል ያልገባ ጉራጌ የለም፤ መርካቶ ይዘጋል፣ ቡታጅራ ይሞላል። አቶ ሰብስቤም ገቡ። አባባ በርበሬ ነጋዴ ነበሩ፤ በርበሬያቸውን መርካቶ ላይ የሚረከቧቸው አቶ ሰብስቤ ናቸው። ከሠላሳ የዘለሉ፣ ሱፍ ለባሽ፣ ዝምተኛ ሰው ነበሩ። አብረዋቸው አጎታቸው አቶ ውድማጣስ መጡ፤ እሳቸው የሁለት ሰው ያህል ያወራሉ። ክትፎው ተበልቶ ሲያበቃ አቶ ውድማጣስ ጉሮሯቸውን ጠራረጉና ብርቄን ለሰብስቤ ጠየቁ።

አባባ መሬት መሬቱን አዩ። እሺ እንዳይሉ የልጃቸውን ምኞት ያውቃሉ። እምቢ እንዳይሉ ሰውየው ደንበኛቸው ነው፤ ደግሞም እንከን አይወጣለትም። «ልጅቷ ገና ተማሪ ናት» አሉ ቀስ ብለው።

«መርካቶም ትምህርት ቤት አለ» አሉ አቶ ውድማጣስ፤ አገባች የተባለች ልጅ ደብተር ይዛ ስትወጣ ማን እንዳየ እግዜር ይወቅ። «እኔ አንድ ነገር ብቻ ነው የምለው። ኮከባቸው መግጠም አለበት። የመጀመሪያ ሚስቱ የሞተችበት ኮከብ ሳናስቆጥር ስለዳርነው ነው። እናንተ ከተማ ደግሞ በመሣሪያ የሚቆጥር ሰው አለ አሉ፤ መርካቶ ድረስ ተሰምቷል። ነገ ማታ እንሂድ፤ ከገጠመ ነገሩ ያልቃል።»

አባባ ተገላገሉ። እሺም እምቢም የማይሉበት መንገድ ተገኘላቸው። «ይሁን» አሉ። ብርቄ የእጅ ማስታጠቢያውን ይዛ በሩ ላይ ቆማ ሰማች፤ ውሃው በእግሯ ላይ ፈሰሰ።

በማግስቱ ጠዋት ክሊኒክ በር ላይ ነበርን። ብርቄ ያለ ሰላምታ ጀመረች። «አይገጥምም በላቸው።»

ጋሽ ዘበርጋ ጉዳዩን ሰማና ጋን ሙሉ ሐሞት እንደጠጣ ሰው ፊቱን አጨማደደ። «እኔ ኮከብ አልቆጥርም፣ ብርቄ። ኮከብ ከሰው ትዳር ጋር ምን አገናኘው?»

«ስለ መርፌ ትዋሽ የለ?»

«ስለ መርፌ የምዋሸው ልጁ እንዲድን ነው።»

«እኔስ?»

ጋሽ ዘበርጋ ሲሪንጁን የሚቀቅልበትን ማሰሮ ከፈተ፣ ዘጋ። «በዚያች ቧንቧ ላይ አንድ ቀን ከዋሸሁ፣ ነገ ልጆቹን እውነቱ ይኼ ነው ብላቸው ማን ያምነኛል?» አለ። ብርቄ ማልቀስ ጀመረች። እኔ በጣም ተናድጄ ወንበሩን በእግሬ መታሁት። በሩ ላይ ስንደርስ ጠራት።

«ብርቄ። ቀለበታሟን ለማግኘት ይቸግርሻል?»

«አይቸግረኝም።»

«እንግዲህ ቧንቧው የእኔ ነው፤ ጣትሽ ግን የራስሽ ነው» አለና ቀጣዩን በሽተኛ ጠራ።

ማታ ጓሮው ውስጥ ተሰበሰብን። ሰማዩ ግማሹ ደመና ነበር፤ በዝዋይ በኩል ያለው ግማሽ። ብርቄ ነጠላዋን እስከ ግንባሯ ጎትታ ከአባባ ኋላ ቆማለች። ጋሽ ዘበርጋ ለወትሮው እንግዳ ሲመጣ የሚቀልደውን አልቀለደም፤ እጁን ታጥቦ፣ ነጭ ጋውኑን ለብሶ ነበር የጠበቀን።

«በል እንግዲህ ቁጠር» አሉ አቶ ውድማጣስ።

«እኔ አልቆጥርም፣ ጋሼ። አሳያለሁ። ያያችሁትን ራሳችሁ ተናገሩ። መጀመሪያ የሙሽራው፤ የቱ ነው የእርስዎ?»

አቶ ሰብስቤ ባርኔጣቸውን አውልቀው ሰማዩን ዞሩት። ሲዞሩ ሲዞሩ ቆይተው ከሁሉም ደምቆ የሚያበራውን መረጡ። ጋሽ ዘበርጋ አነጣጠረላቸው። አዩ።

«አላደገም» አሉ አቶ ሰብስቤ። «ያው ነጥብ ነው።»

«ነጥብ ነው» አለ ጋሽ ዘበርጋ። «በጣም ሩቅ ነው፤ ይኼ ዕቃ አያሳድገውም።»

አቶ ውድማጣስ ቅር አላቸው። ለትልቅ ነጋዴ ትልቅ ነገር ጠብቀው ነበር። «የልጅቷስ?» አሉ።

አባባ ዞር ብለው «ብርቄ፣ ነይ አሳዪ» አሉ። ወደ ዝዋይ አየሁ፤ ደመናው አልሄደም። ጋሽ ዘበርጋ የቧንቧውን እግር ማስተካከል ጀመረ። አንዱን እግር ያስረዝማል፣ ሌላውን ያሳጥራል፣ መልሶ ደግሞ ያስረዝማል። ደህና የነበረውን መስታወት እፍ እፍ ይላል። አቶ ውድማጣስ ጋቢያቸውን ሁለቴ አጣፉ። ደመናው ጫፉ ተቀደደ፤ ብርቄም እጇን ከነጠላዋ አውጥታ ጠቆመች።

መጀመሪያ አቶ ውድማጣስ አዩ። ዓይናቸውን አነሱና መስታወቱን በጋቢያቸው ጫፍ ጠረጉት፤ ጋሽ ዘበርጋ ሆዱን እንደተወጋ ሰው ቃተተ። ደግመው አዩ።

«ሰብስቤ፣ እስቲ ና።»

አቶ ሰብስቤ ብዙ አዩ። «ይኼ ዙሪያዋን ያለው ምንድን ነው?»

«ቀለበት ነው» አለ ጋሽ ዘበርጋ።

«ቀለበት?»

«ቀለበት። ፈረንጆቹም እንደዚሁ ነው የሚሉት።»

ያን ጊዜ መርካቶ ላይ ደህና ደህናው ሰው ከሠርጉ በፊት ቀለበት ማሰር ጀምሮ ነበር። ቀለበት ያደረገች ልጅ የሰው ናት፤ ሽማግሌ አይላክባትም። አቶ ውድማጣስ ድምፃቸውን ዝቅ አድርገው፣ «ታስሮባታል» አሉ። አባባ በተራቸው አይተው ግራ ገባቸው። «የማን ነው ቀለበቱ?» ብለው ጋሽ ዘበርጋን ጠየቁት።

«እሱን እኔም አላውቅም። ካወቅኋት ጀምሮ ግን አድርጋዋለች።»

እኔ ይህ ሁሉ ግርግር ምን እንደሆነ አልገባኝም። ቀለበቷን እኮ ከነሐሴ ጀምረን ስናያት ነበር። ይህንኑ ልናገር አፌን ስከፍት ጋሽ ዘበርጋ ወደ እኔ ሳያይ፣ «ሚጡ፣ ነገ ጠዋት መርፌ አለብሽ» አለ። አፌን ዘጋሁት።

ሽምግልናው በዚያው ቀረ። አቶ ሰብስቤ አባባን አመስግነው፣ ብርቄን ጎንበስ ብለው ተሰናብተው ሄዱ፤ በርበሬውንም እንደ ወትሮው መረከባቸውን አላቋረጡም። ወሬው ግን መስቃንን አዳርሶ አረቅጥ ድረስ ወጣ። ድሬሰሩ የታሰረች ኮከብ ለየ ተባለ። ላም የጠፋበት፣ ልጁን የሚድር፣ መካን የሆነች፣ ሁሉም ጓሮው ደጃፍ ላይ ተሰለፈ። ጋሽ ዘበርጋ «እኔ አልቆጥርም» ብሎ ይመልሳቸዋል እንጂ ነገሩን አያብራራም። እንዴት ያብራራ? ቀለበታሟ ከነቀለበቷ ለማንም የምትታይ መሆኗን ከተናገረ ወሬው አባባ ጆሮ ይገባል፣ ከአባባ አቶ ውድማጣስ ይደርሳል።

ስለዚህ ስሙን ተሸከመ። ከዚህም የሚብሰው ደግሞ ቀለበታሟን ደበቃት። ብርቄ ሚኒስትሪን አልፋ፣ ማሰልጠኛ ገብታ፣ ተመርቃ የመጀመሪያ ክፍሏ ውስጥ እስክትቆም ድረስ ያቺን ነገር ለማንም ሰው አላሳየም። ጓሮው ለሚመጣ ልጅ ጨረቃን ያሳያል፣ በቧንቧው ከሚታየው ሁሉ አብልጦ የሚወዳትን ግን ይዘላታል። እኔ ይህን ያስተዋልኩት ካደግሁ በኋላ ነው፤ ሳስተውለው በጣም ወደድኩት። ብርቄም ባሏን ራሷ መረጠች፤ ኮከብ አላስቆጠረችም።

ለቅሶው ላይ፣ ድንኳኑ ጥግ፣ ከዘራ የያዙ ሽማግሌ ብርቄን ሲያዩ ቆዩ። አመሻሹ ላይ ሰው ሲቀንስ ቀረብ አሉ።

«ብርቄ ነሽ? እኔ ሰብስቤ ነኝ። ኮከቤ ያላደገው።»

ብርቄ የምትይዘው የምትጨብጠው ጠፋት። ከመቀመጫዋ ተነስታ እሳቸውን አስቀመጠች። የሆነውን ልታስረዳ ጀመረች፤ እሳቸው ግን እጃቸውን አንስተው አቆሟት።

«ያን ማታ እኔ የራሴን ስመርጥ አንገቴ እስኪታመም ዞሬያለሁ። አንቺ አልፈለግሽም። ጣትሽ ቀጥ ብላ ሄደች። ገበያ ላይ ያደግሁ ሰው ነኝ፤ ዕቃው የት እንዳለ የሚያውቅ ሰው ዓይኑ አይንከራተትም።»

«ታዲያ ለምን አልተናገሩም?» አለች ብርቄ።

«ምን ብዬ? አባትሽ ፊት እምቢ ማለት አትችይም። ሰማይ ድረስ ወጥተሽ እምቢ ካልሽኝ ወዲያ፣ ሌላ በምን ቋንቋ ትንገሪኝ?» ከዘራቸውን አዙረው ያዙት። «በነጋታው ዘበርጋ ዘንድ ሄጄ ይህንኑ ነግሬዋለሁ። አጎቴና አባትሽ እንዳይሰሙ፣ አንተም ዝም እኔም ዝም ተባባልን። ትንሽ አሞኝ ነበር መሰለኝ፤ ማዘኔን አይቶ፣ ለዚህ የሚሆን መርፌ የለኝም አለኝ። ከዚያ ወዲህ ለመስቀል ስገባ እሱን ሳልጠይቅ ተመልሼ አላውቅም።»

እኔና ብርቄ ተያየን። በዚያ ሁሉ መስቀል ጋሽ ዘበርጋ አንድ ቃል አልተነፈሰልንም። የእኛን ምስጢር ከሰውየው፣ የሰውየውን ደግሞ ከእኛ ሲጠብቅ ኖሯል። ስለ ቧንቧው አይዋሽም፤ ዝም ማለት ግን ይችልበት ነበር።

አቶ ሰብስቤ ከዘራቸውን ተደግፈው ተነሱ። የድንኳኑን በር ገለጥ አድርገው በዝዋይ በኩል ቀና አሉ። ሰማዩ ገና መጥቆሩ ነበር።

«ያቺ ልጅ ግን» አሉ፣ «እስከ ዛሬ ቀለበቷን አላወለቀችም?»

ብርቄ እንባዋን በነጠላዋ እየጠረገች ሳቀች። ከዚያ ጎናቸው ቆመች፣ ጣቷንም አነሳች።

«አላወለቀችም፣ ጋሼ። ያቻትና።»